ከወገብ ኦፕራሲዮን በኋላ የሆድ ድርቀት፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ወገቡን ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ስለ ቁስሉ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ስለ ሆዱ ግን ካልጠየቅኩት አያነሳም። «ሽንት ቤት ተቀምጠዋል?» ስል «ምን በልቼ፣ ሲስተር!» ይሉኛል። ይህን መስማት በእውነት ታክቶኛል። ሰው ባይበላም አንጀቱ ሰገራ ይሠራል። ትራማዶልና ሞርፊን ሕመሙን ሲያስታግሱ አንጀቱንም ያቀዘቅዙታል። በዚያ ላይ መተኛቱ አለ። ሰገራ በቆየ ቁጥር ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል። ማለስለሻ መጀመር ያለበት ሆድ ከደረቀ በኋላ ሳይሆን ከማስታገሻው ጋር አብሮ ነው። ካልታዘዘላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ድርቀቱን ፈርቶ ማስታገሻውን በራስ ማቆምም አለ። ያመመው ሰው ተነስቶ አይራመድም፤ ካልተራመደ ደግሞ ድርቀቱ ይብሳል።

አንድ አባት ነበሩ። ቤት ከገቡ በኋላ ውሃ የመሰለ ነገር አንሶላው ላይ ያመልጣቸው ጀመር። ልጃቸው ተቅማጥ መስሎት ከፋርማሲ ማስቆሚያ ገዝቶ ሰጣቸው። ሲመጡ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ለካ ደረቁ ሰገራ መውጫው ላይ ተወትፎ፣ ፈሳሹ በጎን በጎኑ ነበር የሚያመልጠው። ለቀናት ሳይወጣ የቆየ ሰው በድንገት ሲቀጥንበት ማስቆሚያ አትስጡት፤ አስመርምሩት።

ተልባ ጥሩ ነው፣ ግን ከብዙ ውሃ ጋር። መነሳት ስለሚያመው ውሃ የሚቀንስ ሰው ተልባ ቢደራርብ ይብስበታል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት የውሃውን መጠን ሐኪሙን ይጠይቅ።

መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ማማጥ ለአዲስ ስፌት አይሆንም። ጠንካራ የእንጨት ወንበር መሃሉን አስቀድዳችሁ ከጉድጓዱ በላይ አስቀምጡለት። ቁርስ በልቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ ይሞክር፤ አንጀት ያኔ ነው የሚነቃው።

ሆዱ ተነፍቶ የሚያስታውክና ፈስም የማይወጣው ሰው ማለስለሻ አይጨመርለት፤ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ይህ ነው፦ መቀመጫና ብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት፣ ሰገራ ሳይታወቅ ማምለጥ፣ እግር መዛል። ይህ ነርቭ እየታፈነ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ኦፕራሲዮን የተደረገበትን ቀንና ለመጨረሻ ጊዜ የሸናበትን ሰዓት እዚያው በር ላይ ተናገሩ።