የማስለቀቂያ ወረቀት በሰፈራችሁ ሲደርስ፦ የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ሥራ

ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚጀመር ሩጫ አብዛኛውን ጊዜ የረፈደ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከአያት ማዶ እስከ ፉሪ፣ ከአሸዋ ሜዳ እስከ ኮዬ፣ ምትክ ቦታውንና ካሳውን ያገኘውንና ባዶ እጁን የቀረውን ሰው የሚለየው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ በደረሰ በመጀመሪያው ወር የሠራው ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በቀን ቆጠራ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አንድ ደብተር ግዙና ማን መጣ፣ ምን አለ፣ ምን ሰጠ የሚለውን ከነቀኑና ከነሰዓቱ መመዝገብ ጀምሩ።

ወረቀቱን አንቀበልም ማለት አይጠቅምም። በር ላይ ተለጥፎ ይሄዳል፤ የቅሬታው ቀን ግን መቁጠሩን አያቆምም። ተቀበሉ፤ ስትፈርሙ «ወረቀቱ ደርሶኛል፤ በይዘቱ ግን አልተስማማሁም» ብላችሁ የተቀበላችሁበትን ቀን በእጃችሁ ጻፉ። ያመጣውን ሰው ስምና መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ። ደብዳቤው ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተምና ፊርማ እንዳለው እዩ። አንዱ ከጎደለ ጉድለቱ ራሱ በቅሬታችሁ ውስጥ አንድ ነጥብ ይሆናል።

የማን አስተዳደር፣ በየትኛው በር?

መጀመሪያ የሚጣራው አስተዳደሩ ነው። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በ2014 ሲካለል አንዳንድ ሰፈሮች ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛውረዋል፤ በ2015 ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል። ታክሲው «አዲስ አበባ» ስላላችሁ ወይም የመብራት ደረሰኙ ላይ ስለተጻፈ ብቻ አትተማመኑ፤ የመጨረሻውን የግብር ደረሰኝ የቆረጠላችሁ ማን እንደሆነ ተመልከቱ። ሸገር ውስጥ ከሆናችሁ ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ ይሻላል። በአማርኛ ብቻ ሄዶ «አስተርጉማችሁ አምጡ» ተብሎ የሚመለስ ሰው ከ30 ቀኑ የቅሬታ ጊዜ ላይ ሳምንት ያጣል።

ቀጥሎ ወረቀቱ ምን እንደሚል በጥንቃቄ አንብቡ። ሰዎች ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ይመስላቸዋል እንጂ በሁለት የተለያዩ በሮች ነው የሚመጣው።

አንደኛው ለሕዝብ ጥቅም ማስለቀቅ ነው፤ መንገድ፣ ኮሪደር፣ ኢንዱስትሪ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት። ይህ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በማስፈጸሚያ ደንቡ 472/2012 ነው። በ2016 አዋጁ ስለተሻሻለ ማሻሻያውንም አብራችሁ ያዙ። በአዋጁ መሠረት ተነሺው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ሊመከር ይገባል። አስቸኳይ ነው ከተባላችሁ አስቸኳይነቱን የወሰነው አካል ማን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። መጀመሪያ ካሳና ምትክ፣ ከዚያ ርክክብ ነው፤ ካሳው ከተከፈለ ወይም ምትኩ ከተሰጠ በኋላ ለማስረከብ 120 ቀን አለ፣ መሬቱ ላይ ንብረት ከሌለ 30 ቀን። «ካሳው ይደርሳል፣ እናንተ ብቻ ልቀቁ» የሚል ቃል ከዚህ ቅደም ተከተል ጋር አይሄድም።

ሁለተኛው በር «ሕገ ወጥ ግንባታ» የሚለው ነው። በዚህ ካሳ የለም፤ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ 721 የሚጠይቀውም የ7 የሥራ ቀን ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ይህ ቃል ካለ ጭቅጭቁ ስለ ካሳ መጠን አይደለም፤ «ሕገ ወጥ አይደለሁም» ወይም «ለሕጋዊነት የማሟላው መስፈርት አለ» የሚል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰነድ አልባ ይዞታ ሲጣራ የ1988ቱና የ1997ቱ የአየር ፎቶና የመስመር ካርታ ወሳኝ ሆነው ቆይተዋል። ቤታችሁ በዚያ ላይ ከታየ ያንን ሳታነሱ ስለ ድህነታችሁ ብቻ የምትጽፉት ማመልከቻ ውጤት አያመጣም። ከገበሬ በእጅ ውል የገዛ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስላለ «መሬት ገዛሁ» የሚለው ውል ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው። ቤቱን መቼና በምን ወጪ እንደሠራችሁ የሚያሳየው ወረቀት የተሻለ ይረዳችኋል። የውሉን ቀን ወደ ኋላ መቀየር ግን አትሞክሩት፤ ቤቱም ሄዶ የወንጀል ክስ ይቀራል።

ማስረጃ መሰብሰብ

ብዙ ጊዜ የምታጠፉት እዚህ ላይ ይሁን። ዋናው ካርታ ወይም የአርሶ አደሩ የይዞታ ደብተር ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ቤቱ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደቆመና ማን እንደኖረበት የሚያሳዩ ጥቃቅን ወረቀቶች ተደምረው ክብደት ያመጣሉ፦ የቦታና የጣሪያ ግብር ደረሰኞች፣ በስማችሁ የገባ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ውል፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የልጅ የልደት ሰርተፍኬትና የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የእድር ደብተር፣ የብሎኬትና የቆርቆሮ መግዣ ደረሰኝ። ከሁሉ በፊት በጣም አሮጌውን ፈልጉ። የአሥር ዓመት ደረሰኝ ካለፈው ዓመት ደረሰኝ ክምር ይበልጣል። ሦስት ሦስት ቅጂ አስነሡ፤ አንዱን ከሰፈሩ ውጭ ያለ ዘመድ ቤት አስቀምጡ። ዋናውን ለማንም መሥሪያ ቤት አትስጡ፣ አሳይታችሁ ቅጂውን ብቻ አስቀሩ።

ኮምፒውተር ላይ ጉግል ኧርዝ ያለፉትን ዓመታት የሳተላይት ምስል ያሳያል። ቤታችሁን አግኙ፣ ዓመቱን ወደ ኋላ መልሱ፣ ጣሪያው መጀመሪያ የታየበትን ምስል ከነቀኑ አትሙ። የመንግሥት አየር ፎቶን ባይተካም «ይህ አምና የተሠራ ነው» ለሚል ሰው መልስ ይሆናል።

ፎቶ ስታነሡ ከውጭ አራቱን ማዕዘን፣ ከውስጥ እያንዳንዱን ክፍል፣ ከዚያ ቆጣሪውን ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ አንሡ። ከዚያ በሜትር ለኩ፦ የቤቱ ርዝመትና ስፋት፣ ግድግዳው ጭቃ ነው ብሎኬት፣ ወለሉ አፈር ነው ሲሚንቶ ወይስ ሊሾ፣ ኮርኒስ አለው ወይ። አጥር፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ሽንት ቤት፣ የከብት በረት አይረሱ። ግምቱ ላይ በብዛት የሚዘለሉት እነዚህ ናቸው። ዛፍም ይቆጠራል፤ ባህር ዛፉን፣ ጌሾውን፣ የፍራፍሬውን ዛፍ በየዓይነቱና በየዕድሜው ጻፉ። ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ የተሠራ ወይም የተተከለ ነገር ካሳ የለውም፤ በሌሊት ክፍል መቀጠል ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ጥያቄም ያበላሻል።

ገማቾች ሲመጡ የራሳችሁን ልኬት ይዛችሁ አብራችሁ ዙሩ። ቅጹ ላይ ቁጥሩ በእርሳስ ከተሞላ ወይም ክፍት ቦታ ካለ አትፈርሙ፤ በእስክሪብቶ ይሙሉት፣ ክፍት ቦታው ላይ መስመር ይሰመር። ካልተስማማችሁ ከፊርማው አጠገብ «ቅሬታ አለኝ» ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያም ወዲያውኑ የቅጹን ፎቶ አንሡ። አርሶ አደር ከሆናችሁና ተመጣጣኝ መሬት ካልተሰጠ የሚከፈለው ያለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው፤ የትኛው ዓመት እንደተመረጠ አረጋግጡ፣ ድርቅ ያለበት ዓመት እንዳይሆን። ምትክ ቦታ ለሚሰጠው የከተማ ነዋሪ የሁለት ዓመት የቤት ኪራይ ግምት አለው፤ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም አዋጁ ካሳ ያውቃል። ሳይጠየቅ የሚቀር ነገር እንዳይኖር ሁሉንም በስም ጥሩ።

ቅሬታው

በአዋጅ 1161 መሠረት የቅሬታ ማመልከቻ ትእዛዙ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ይገባል። እርሱ በ30 ቀን ይወስናል፤ ካልተስማማችሁ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ፣ ከዚያም ውሳኔው በጽሑፍ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት። በ29ኛው ቀን አትሂዱ፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ቢላችሁ ቀኑ አለቀ።

ማመልከቻው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ትእዛዙን በቁጥሩና በቀኑ ጥቀሱ፤ እውነታውን በተራ ቁጥር አስቀምጡ፤ የምትጠይቁትን ለይታችሁ ጻፉ፦ ትእዛዙ ይሻር፣ ካሳው እንደገና ይገመት፣ ምትክ ቦታ ይሰጠኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(7) በጉልበትና በገንዘብ በመሬት ላይ የተገነባ ንብረት ላይ ሙሉ መብት ይሰጣል፤ 40(8) ካሳው በቅድሚያ እንዲከፈል ያዛል፤ 44(2) በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ ወይም በቂ እርዳታ ያለው የመዛወር መብት እንዳላቸው ይናገራል። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 11 ላይ በቂ መኖሪያ ቤት መብት ነው፤ ቃል ኪዳኑም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ሁሉንም አትደርድሩ፤ ከጥያቄያችሁ ጋር የሚሄደውን ብቻ ምረጡ።

ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ። «አስቀምጡት፣ እናያለን» ብሎ ያለ ቁጥር የሚወስድ ካለ ግልባጩን በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ላኩ፣ የፖስታውን ደረሰኝም አስቀምጡ። ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ግልባጭ መላክ በነፃ ነው፤ ኮሚሽኑ በ2015 በሸገር ከተማ ስለነበረው የቤት ፈረሳ ሪፖርት ማውጣቱ ጉዳዩ ከሥልጣኑ ውጭ እንዳልሆነ ያሳያል። ነገር ግን ግልባጭ የ30 ቀኑን ቆጠራ አያቆምም።

በጋራ መቆም

ነጠላ ቤት በቀላሉ ይፈርሳል፤ ሰፈር ሲሆን ግን ሰሚ ያገኛል። እድሩ ካለ ከእርሱ ጀምሩ፤ ስም ዝርዝሩም የመሰብሰቢያ ቦታውም አለ። ከ5 እስከ 7 ሰው ያለው ኮሚቴ ምረጡ፣ ሴቶችና ተከራዮች እንዲኖሩበት አድርጉ። ለምርጫው ቃለ ጉባዔ ይያዝ፤ ሁሉም ይፈርም። ፍርድ ቤት ላይ ተመሳሳይ ጉዳይ ያላቸው ሰዎች በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38 በተወካይ ሊከሱ ይችላሉ፤ የግለሰብ ማስረጃው ግን የየግሉ ነው፣ የጋራ ማመልከቻ የየቤቱን ልኬት አይተካም።

ገንዘብ ሰውን የሚያጣላበት ቦታ እዚህ ነው። መዋጮው በሁለት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ወጪው በየሳምንቱ በእድሩ ስብሰባ ይነበብ። «ጉዳዩን ከላይ እጨርሳለሁ» የሚል ደላላ ብቅ ማለቱ አይቀርም፤ ከእርሱ ጋር በሚዘገይ እያንዳንዱ ቀን የቅሬታው ቀን እያለቀ ነው። ሰልፍ ወይም ሕዝባዊ ስብሰባ ከተፈለገ በአዋጅ 3/1983 መሠረት ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ስብሰባው ራሱ የመታሰሪያ ምክንያት ይሆናል።

ተከራዮች ቤቱ ሲፈርስ የግንባታ ካሳ የላቸውም፤ መኖራቸውን ግን ማስመዝገብ አለባቸው። በ2016 የወጣው አዋጅ 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ የተመዘገበው ውል ከቤት ባለቤቱ ነፃ የሆነ ማስረጃችሁ ነው።

የፈረሳው ቀን

ቅሬታው ሳይወሰን ዶዘር ቢመጣ ፍርድ ቤት ላይ የእግድ ጥያቄ ለማቅረብ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ላይ መመሥረት ይቻላል። ማመልከቻውና የቃለ መሐላው ወረቀት ከወዲሁ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ በዕለቱ ጠበቃ መፈለግ አይቻልም። በአካል መሣሪያው ፊት መቆም ወይም ድንጋይ መወርወር ጉዳዩን ከቤት ክርክር ወደ ወንጀል ክርክር ይወስደዋል፤ ልጆችንና አረጋውያንን አስቀድማችሁ አርቁ። የመጣውን ኃላፊ ስም፣ የያዘውን የትእዛዝ ቁጥርና የመኪናውን ሰሌዳ ጻፉ። ሌሊት ወይም በዝናብ ሰዓት ከሆነ ያንን ለይታችሁ መዝግቡ፤ የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው አጠቃላይ ሐሳብ ቁጥር 7 ላይ ይህን በግልጽ ይቃወማል።

ቆርቆሮውንና በሩን ከማንሣታችሁ በፊት ፍርስራሹን ፎቶ አንሡ፤ የተሰባበረ የቤት ዕቃ ካለ ዝርዝሩን ከሁለት ጎረቤት ፊርማ ጋር በዚያው ቀን ጻፉ። ይዞታችሁ በኃይል ከተወሰደ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 የሁከት ይወገድልኝ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። የካሳን መጠን የሚመለከት ይግባኝ ስታቀርቡ የርክክብ ሰነድ ልትጠየቁ ስለምትችሉ ቁልፉን ያለ ፊርማ ለማንም አትስጡ።

ወደ ሌላ ሰፈር ስትሄዱ ደግሞ በመዝገባችሁ ላይ ያለው አድራሻ አሁን የሌለ ቤት መሆኑን አስታውሱ። ለቅሬታ ሰሚውና ለፍርድ ቤቱ አዲሱን አድራሻና የሚሠራ ስልክ በደብዳቤ አሳውቁ፣ የኮሚቴውን ተወካይ አድራሻም ጨምሩ። ውሳኔው በአሮጌው አድራሻ ሄዶ «አልተገኙም» ተብሎ ሲመለስ የይግባኙ 30 ቀን ሳታውቁት ይጀምራል።