የወጣት ፈረስ መንጋጋ ሲያብጥ፦ የአጥንት ሲስትን ለይቶ ማከም

የሦስት ዓመት ፈረስ በታችኛው መንጋጋው ጠርዝ ላይ እንደ እንጨት የጠጠረ እብጠት ሲያወጣ፣ ብዙ ባለቤቶች ቶሎ የሚያስቡት በጋለ ብረት መተኮስን ነው። እባክዎ አይተኩሱት፤ መተኮሱ ቆዳውን ያቆስላል እንጂ ችግሩ ወዳለበት ወደ ጥርሱ ሥር አይደርስም።

ፈረስ ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜው በየመንጋጋው በግራና በቀኝ ያሉትን ሦስት ፊተኛ የመንጋጋ ጥርሶች ከወተት ወደ ቋሚ ይቀይራል። አዲሱ ጥርስ ረጅም በመሆኑ ሥሩ አጥንቱን ገፍቶ ያሳሳዋል፤ በራጅም በሥሩ ዙሪያ ጥቁር ክብ ክፍተት ሆኖ ስለሚታይ የጥርስ መውጫ ሲስት ይባላል። ይህ በሽታ አይደለም።

ለመለየት ከፈረሱ ፊት ቆመው የሁለቱን መንጋጋዎች ጠርዝ በሁለት እጅዎ በአንድ ጊዜ ይዳስሱ። እብጠቱ በሁለቱም ወገን ካለ፣ ካልሞቀ፣ ሲጫኑት ፈረሱ ራሱን ካልነጠቀ፣ መኖውንም በደንብ ከበላ፣ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ በየወሩ ፎቶ እያነሱ ይከታተሉት፤ ጥርሱ ከፍ ባለ ቁጥር በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል። በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ፣ ከሞቀ፣ መግል ካፈሰሰ፣ ወይም ፈረሱ ያኘከውን ድርቆሽ እየጠቀለለ ከጣለ ግን ሐኪም ይጥሩ። በሁለቱ መንጋጋዎች መካከል ለስለስ ብሎ የሚያብጥና ትኩሳት ያለው እብጠት ደግሞ ብዙ ጊዜ የንፍፊት እንጂ የአጥንት አይደለም፤ ተላላፊ ሊሆን ስለሚችል ፈረሱን ከሌሎቹ ይለዩት።

ሐኪሙ ፈረሱን በማረጋጊያ መድኃኒት ካደነዘዘ በኋላ በአፍ መክፈቻ ብረት አፉን ከፍቶ በመስታወትና በመብራት ይመረምራል። የወተት ጥርሱ በአዲሱ ላይ እንደ ክዳን ተጣብቆ ከቀረ በጉጠት ይነቀላል፤ ይህ የሚደረገው ግን ሲነቃነቅ ወይም መለያያ መስመሩ ከድዱ በላይ ሲታይ ብቻ ነው። ያለጊዜው የተነቀለ ክዳን ገና በመሠራት ላይ ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳልና መቸኮል አይገባም።

አስቸጋሪው የተመረዘ ሥር ነው። መግል የሚያፈስ ቀዳዳ ካለ ሐኪሙ ጫፉ ደንዳና የሆነ ቀጭን ብረት ያስገባና በዚያው ሁኔታ ራጅ ያነሳል፤ ብረቱ የሚያመለክተው ሥር የታመመው ጥርስ ነው። ገና በጅምሩ ከተደረሰበት ለሳምንታት የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አንዳንዴ ያድነዋል፤ በብዛት ግን መግሉ ቆሞ ቆይቶ ይመለሳል፤ ያኔ ጥርሱን መንቀል ግድ ይሆናል። የወጣት ፈረስ ጥርስ አብዛኛው ክፍሉ በአጥንቱ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ፣ ፈረሱ እንደቆመ በማደንዘዣ ቀስ በቀስ እየተነቃነቀ ሲነቀል ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ ስለሚጠቃ አስቀድሞ መከተቡ መረጋገጥ አለበት።

በላይኛው መንጋጋ በአንድ ወገን ፊቱ ካበጠ፣ አፍንጫው በዚያው ወገን ከፈሰሰና ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ፣ በፊት አጥንቱ ክፍት ጓዳዎች ውስጥ ያደገ ሲስት፣ ማለትም ፈሳሽ የያዘ ከረጢት፣ ሊሆን ይችላል። ይህ አጥንቱ ተከፍቶ ከነሽፋኑ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይድናል።

ከነቀላ በኋላ ቁስሉ እስኪሞላ ድረስ ልጓም አያግቡለት፤ በውኃ የራሰ ፉርሽካና የተከተፈ ለስላሳ ሣር ያብሉት። በተነቀለው ትይዩ ያለው ጥርስ የሚፋጨው ስለሌለ እየረዘመ ይመጣልና፣ በየ6 ወሩ በሞረድ ማስተካከል እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚቀጥል ሥራ ነው።