ቆርቆሮ ልትገዙ ከሆነ ጌጁን አትሳቱ

ውፍረት ሲባል ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዕቃው የሚወፍር ይመስለናል። የቆርቆሮ ውፍረት የሚነገርበት «ጌጅ» የሚባለው ቁጥር ግን ተገላቢጦሽ ነው። ባለ 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ባለ 35ቱ 0.2 ገደማ ነው። ማለትም ግማሹ! እኔ ይህን ሳላውቅ «35 ይሻላል» ብዬ ገዝቼ፣ ሠራተኛው ጣራው ላይ ሲወጣ ቆርቆሮው ከእግሩ ሥር ጎበጠ።

ስለዚህ ሻጩን «ስንት ሚሊ ነው?» በሉት። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ካላችሁ ጠርዙን ለኩ። ከሌላችሁ አሥር ቆርቆሮ አነባብሩና ጠርዙን ጥብቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ በማስመሪያ ለኩት፤ ከዚያ ለአሥር አካፍሉ። ባለ 28 ከሆነ አሥሩ አንድ ላይ 4 ሚሊ አካባቢ፣ አንዱ ደግሞ 0.4 ገደማ ይመጣል።

የኤሌክትሪክ ሽቦም በጌጅ ሲጠራ እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል።