በኒውዚላንድ ድጎማ ለሌለው መድኃኒት የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል?

በኒውዚላንድ የትኛው መድኃኒት እንደሚደጎም የሚወስነው እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው ፋርማክ ነው። መድኃኒቱ የሚደጎም ከሆነ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው 5 ዶላር ብቻ ነው፤ ካልተደጎመ ግን ሙሉ ዋጋው ከኪሱ ይወጣል። ይህን ወጪ ለማቃለል የሚያገለግለው ዋነኛው መንገድ ወርክ ኤንድ ኢንካም የተባለው የመንግሥት የማኅበራዊ ድጋፍ መሥሪያ ቤት የሚከፍለው ዲሳቢሊቲ አላውንስ (የአካል ጉዳት ድጋፍ) ነው። ስሙ አካል ጉዳትን ብቻ የሚመለከት ስለሚመስል ማንም እንዳይዘናጋ፤ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሕመም ያለበት ሰውም ሊጠይቀው ይችላል።

መጀመሪያ ሐኪምዎን ስለ ስፔሻል ኦቶሪቲ (ልዩ ፈቃድ) ይጠይቁ። አንዳንድ መድኃኒቶች የሚደጎሙት የተወሰነ መስፈርት ለሚያሟሉ ሕመምተኞች ብቻ ሲሆን፣ ማመልከቻውን የሚያቀርበው ሐኪሙ ነው። ከተፈቀደልዎ ቀጣዩ ሁሉ ላያስፈልግዎ ይችላል።

ካልተፈቀደ የዲሳቢሊቲ አላውንስን ቅጽ ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ደረጃ ስለሆነ አይቸኩሉበት። ሐኪሙ ሕመሙ ቢያንስ 6 ወር እንደሚቆይ፣ መድኃኒቱም ለዚያው ሕመም አስፈላጊ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ከዚህም በላይ የሚደጎመው አማራጭ ለምን እንደማይስማማዎ በግልጽ ይጻፍ፤ ለምሳሌ ያንን ወስደው ሰውነትዎ ሽፍ ብሎ ከነበረ ወይም ሕመሙን ካላስታገሰልዎ፣ መቼ እንደሞከሩትና ምን እንደደረሰብዎ ለሐኪሙ በዝርዝር ይንገሩት። ለጥያቄው ክብደት የሚሰጠው ይህ ማብራሪያ ነውና ከክሊኒኩ ከመውጣትዎ በፊት ቅጹ ላይ መስፈሩን በዓይንዎ ይዩ።

ከዚያ ፋርማሲስቱ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠን፣ ዋጋና በየስንት ጊዜው እንደሚወስዱት የሚያሳይ ወረቀት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ድጋፉ በሳምንት ስለሚሰላ ሂሳቡን አስቀድሞ መሥራት ይጠቅማል፤ ለ13 ሳምንት የሚበቃ መድኃኒት 78 ዶላር ቢያስወጣ ሳምንታዊ ወጪው 6 ዶላር ነው። ደረሰኞችዎንም አይጣሉ።

ማመልከቻውን ለወርክ ኤንድ ኢንካም ሲያቀርቡ የራስዎና የትዳር አጋርዎ ገቢ ይታያል። ሌላ የመንግሥት ድጎማ ማግኘት ቅድመ ሁኔታ ስላልሆነ ሠራተኛም ገቢው ከተወሰነው ጣሪያ ካላለፈ ማመልከት ይችላል። እንግሊዝኛ የሚከብድዎ ከሆነ በነጻ አስተርጓሚ እንዲመደብልዎ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ፤ ስለ ሕመም የሚነገር ነገር ልጅ ወይም ጎረቤት አስተርጉሞት እንዲዛባ አይገባም።

የድጋፉ ከፍተኛ መጠን በየዓመቱ ኤፕሪል 1 ይሻሻላል። ወጪዎ ከዚያ ከበለጠና ኑሮዎን መሸፈን ካቃተዎ፣ በዚያው ቀጠሮ ስለ ቴምፖራሪ አዲሽናል ሰፖርት (ጊዜያዊ ተጨማሪ ድጋፍ) ይጠይቁ። በኋላም የመድኃኒቱ ዋጋ ሲቀየር፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲለውጠው ወይም መድኃኒቱ መደጎም ሲጀምር ወዲያውኑ ለወርክ ኤንድ ኢንካም ያሳውቁ፤ ሳይገባዎ የተከፈለዎ ገንዘብ ካለ ተመላሽ ይጠየቃሉ።