ዜና ላይ የሰሙትን እንግዳ ቃል እንዴት እንደሚፈቱት

ዜና አንባቢው «ሁለት አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል» ብሎ ያልፋል። እርስዎ ቃሉን ሲያብሰለስሉ ቀጣዩ ዜና ይጀምራል።

መጀመሪያ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ስልክዎ ላይ ይጻፉት። ፊደል ቢሳሳቱ ግድ የለም። አጠገቡ «ደገፉ»፣ «ተቃወሙ» የሚሉ ቃላት ካሉ ግማሹ ሥራ አለቀ። ነገሩ ድምፅ አሰጣጥ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው።

ቀጥሎ ቃሉን ይበትኑት። የአማርኛ ዜና ከበድ ላለ ነገር ግዕዝ ይወዳል። «ዐቀበ» በግዕዝ «ጠበቀ» ማለት ነው፤ «ተዐቅቦ» ደግሞ ራስን መጠበቅ፣ መቆጠብ። ድምፀ ተአቅቦ እንግዲህ ድምፅን መቆጠብ ነው። የሚገርመው «ማዕቀብ»ም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ!

ሥሩ ግን ሊያሳስትም ይችላል። «ምልዓተ ጉባኤ» ውስጥ ያለው «ምልዓት» ሙላት ነው። ታዲያ ሁሉም ሰው መጣ ማለት አይደለም፤ ደንቡ የሚጠይቀው ቁጥር ተሟላ ማለት ነው።

ስለዚህ የቤቱንም ደንብ ይዩ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት 15 አባላት አሉት። ዋና ዋና ውሳኔ ለማሳለፍ 9 የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል። ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ ከተቃወመ ውሳኔው ይወድቃል፤ ቬቶ የሚባለው ይሄ ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «እከለክላለሁ» ማለት ነው። ቋሚ አባሉ ድምፀ ተአቅቦ ካደረገ ግን ውሳኔው 9 ድምፅ እስካገኘ ድረስ ያልፋል። «አልወደድኩትም፣ ግን ይለፍ» እንደማለት ነው።

ለእኔ ከእንግዳ ቃል ይልቅ የሚያሳስተው የለመድነው ነው። «የዋጋ ግሽበት ከ20 ወደ 15 በመቶ ቀነሰ» ሲባል ብዙ ሰው ዕቃ ረከሰ ብሎ ደስ ይለዋል። ኧረ የለም! ዋጋው 100 የነበረ ዕቃ አምና 120 ከገባ፣ ዘንድሮ በ15 በመቶ ጨምሮ 138 ይሆናል። የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት እንጂ ዋጋው አይደለም።

በመጨረሻ ዜናውን ቃሉን ሳይጠሩ ለአንድ ሰው ይንገሩት። «ሁለቱ አገሮች አልደገፉም፣ አልተቃወሙም» ካሉ ገብቶዎታል። «ያው ድምፀ ተአቅቦ ነዋ!» ካሉ ግን ወደ ጻፉት ዓረፍተ ነገር ይመለሱ።