ቁልፉን ተጫንኩ፣ ድራሙ ዝም አለ

ባለፈው ማታ ሰርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት ጓደኛዬ ላፕቶፑን ታቅፎ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ቤቴ መጣ። ድራም ማሽኑ ላፕቶፑ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው፤ የኪቦርዱን ቁልፍ ስትነኩ ፓተርን፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የድራም ምት፣ ያስነሳል። «አቦ፣ ይሄ ድራም ማሽን ሞቷል» አለኝ። አልሞተም። ኪቦርዱና ላፕቶፑ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ሚዲ ይባላል። ሚዲ ድምፅ አይልክም፤ የሚልከው ቁጥር ነው። የትኛው ኖት፣ በየትኛው ቻናል፣ በምን ያህል ጉልበት እንደተመታ። ፓተርኑ የሚነሳው ቁጥሩ በትክክል ሲደርሰው ነው። ፕሮግራሙን አጥፍታችሁ እንደገና ከመጫናችሁ በፊት ቁጥሩ የት እንደቀረ ፈልጉ።

ምንም አይሰማም

ቁልፉን ስትነኩ ሶፍትዌሩ ላይ ያለችው የሚዲ ምልክት ብልጭ ትላለች? ካላለች መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥሩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ የዩኤስቢ ገመድ ኪቦርዱን ያበራዋል፣ መረጃ ግን አያሳልፍም። እኔን ግማሽ ቀን አታሎኛል፤ ታይዋን ገበያ ወርጄ ሌላ ስገዛ ተገላገልኩ። ገመዱ ደህና ከሆነ ሴቲንግ ገብታችሁ ኪቦርዱ በሚዲ ኢንፑት መመረጡን እዩ።

ብልጭ እያለች ድራሙ ዝም ካለ ቻናሉን እዩ። ኪቦርድ ብዙ ጊዜ በቻናል 1 ይልካል። በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው ጄኔራል ሚዲ በሚባለው የአምራቾች የጋራ ደንብ ግን የድራም ቦታ ቻናል 10 ነው። ሁለቱን አንድ አድርጉ፣ ወይም ድራሙ ሁሉንም ቻናል እንዲሰማ ክፈቱት።

ፓተርን ስጠራ ቶም ይመታል

የጓደኛዬ ችግር ይሄ ነበር። ማኑዋሉ «ፓተርን 1 ሲ3 ላይ ነው» ይላል። እሱም ስክሪኑ ሲ3 የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ዱም! አንድ ቶም (ከድራሙ ከበሮዎች አንዱ) ብቻ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኖት 60ን አንዱ አምራች ሲ3 ሲለው ሌላው ሲ4 ይለዋል። ማኑዋሉ 60 ማለቱ ነው፣ ልጁ የሚልከው 48፤ 48 ደግሞ የቶም ቦታ ነው። ኖቱን በ12 ቁጥር የሚያዘልለውን የኦክታቭ ቁልፍ አንዴ ወደ ላይ ተጫንን፣ ፓተርኑ ተነሳ። ስሙን ተዉት፣ ቁጥሩን አንብቡ።

ጣቴን ሳነሳ ይቆማል

ፓተርኑ «ሆልድ» ላይ ነው፤ ቁልፉን እስከያዛችሁ ብቻ ይጫወታል። «ላች» አድርጉት፤ አንዴ ከነካችሁት ይቀጥላል።

ከክሊኩ ይሸሻል

ፓተርኑ ከክሊኩ፣ ምት ከሚቆጥረው ቲክ ቲክ፣ ጋር አልሄድ ካለ አንድ ኪክ (ትልቁን ከበሮ) ለብቻው ምቱ። እሱም ከጣታችሁ ከዘገየ ጥፋቱ የ«በፈር» ነው፤ ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመው የሳምፕል (የድምፅ ቅንጣት) ብዛት ማለት ነው። በ44,100 ሄርትዝ 1024 ሳምፕል ወደ 23 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ 128 ግን 3 አይሞላም። ኪኩ ልክ ሆኖ ፓተርኑ ብቻ ከሸሸ ግን በተጫናችሁባት ቅጽበት እየጀመረ ነው። ቀጣዩ ባር (አራት ምት የያዘው ዙር) እስኪገባ እንዲጠብቅ አድርጉትና ቁልፉን ቀደም ብላችሁ ንኩ።

ችክችካ ስትሠሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ድራም ማሽኑ 16 ሳጥን ይሰጣችኋል፣ ለአንድ ምት አራት አራት። ችክችካ ግን ምቱን ለሦስት ነው የሚከፍለው። ብዙዎቻችን ርዝመቱን 12 አድርገን የጨረስን ይመስለናል። አልጨረስንም። ሳጥኖቹ ያው አሥራ ስድስተኛ ስለሆኑ ፓተርኑ በሦስት ምት ያልቅና ከባሩ ይሸሻል፤ ዞሮ የሚገናኘው ከሦስት ባር በኋላ ነው። የሳጥኑንም ዓይነት ምቱን ለሦስት ወደሚከፍለው ትሪፕሌት ቀይሩ። ያኔ 12ቱ አንድ ባር ውስጥ ልክ ይገባሉ። ቤት ሆናችሁ ሴቭ አድርጉት። ሙሽሮቹ እየገቡ ሴቲንግ አይፈለግም።