ጅማ ላይ ጓሮ ልትጀምሩ ከሆነ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት

እኔ ጓሮዬን የጀመርኩት ከመጨረሻው ነው፣ ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ያየሁትን ችግኝ ሁሉ ገዝቼ መጣሁና ክፍት ቦታ ባገኘሁበት ሁሉ ቸከልኩት፣ በኋላ አቮካዶው አደገና የጎመኑን ፀሐይ በላው፣ ቃሪያው ደግሞ ክረምት ላይ ውሃ ተኝቶበት ሥሩ በሰበሰ። ስለዚ እናንተ መጀመሪያ ምንም አትትከሉ። አንድ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ጥላው የት እንደሚያርፍ እዩና እንጨት ቸክሉበት፣ ዝናብ ሲዘንብም ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ የትስ እንደሚተኛ ተመልከቱ፣ ጎረቤት ቢስቅባችሁም ይሳቅ።

ከዛ ከላይ ወደታች ነው የሚታሰበው። ትልቁ ዛፍ መጀመሪያ። አቮካዶ ከሆነ የተዳቀለውን ግዙ፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ውስጥ ያፈራል፣ ከፍሬ የበቀለው ግን ብዙ ያስጠብቃችኋል። ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ 6 ሜትር አርቁት፣ ችግኝ እያለ አንድ ክንድ ስለሆነ ያታልላል። ሰፊ ቦታ ያለው ሰው ዋንዛ ወይም ሰሳ ቢኖረው እሰየው፣ ባህር ዛፍ ግን ጓሮ ውስጥ ባታስገቡት ይሻላል፣ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ውሃ ያስጠማል።

ሁለተኛው ቡና ነው፣ ጅማ ተቀምጦ ጓሮው ቡና የሌለው ሰው መቼም ይገርመኛል። አንድ የሰፈራችን እናት መጀመሪያ የተከልኩትን ሜዳ ላይ ቆሞ ሲያዩ «ልጄ፣ ቡና እኮ ራቁቱን አይተከልም» አሉኝ፣ ያለ ጥላ ማለታቸው ነው፣ እውነታቸውን ነበር፣ በጋ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተቃጠለ። ለትንሽ ጓሮ እንደ 74110 ያሉት እዚሁ ጅማ ካለው ከሜልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት የቡና ዝርያዎች ይመቻሉ፣ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን የፈረንጆቹን 1974 ነው የሚያመለክተው፣ የተመረጡትም ያኔ የቡና ፍሬ እያጠቆረ የሚጥለው በሽታ ስላስቸገረ ነው። ቁመታቸው አጭርና ሰብሰብ ያሉ ስለሆኑ 2 ሜትር በ2 ሜትር ይበቃቸዋል። ጉድጓዱን መጋቢት ወይ ሚያዝያ ላይ 60 ሳንቲ ጥልቀት በ60 ሳንቲ ስፋት ቆፍሩና ክፍቱን ተዉት፣ የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻ የታችኛውን ቀይ አፈር ለብቻ ከምሩ፣ ስትሞሉ ጥቁሩን ከብስባሽ ጋር ቀላቅላችሁ ነው የምትመልሱት። ሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ሲይዝ ትተክላላችሁ። የችግኙን ላስቲክ ስትቀድዱ ሥሩን እዩ፣ ዋናው ሥር ታጥፎ ከተጠማዘዘ ያ ችግኝ መቼም አይሆንም፣ ለሻጩ መልሱትና ሌላ ስጡኝ በሉ።

ከቡናው ሥር ባዶውን አትተዉት፣ ኮረሪማ ጥላ ይወዳል፣ እዛ ጋ ነው ቦታው። ዝንጅብልም ይሆናል ግን ዘሩ ላይ ተጠንቀቁ፣ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የገባው አጠውላጊ በሽታ በዘርና በአፈር ነው የሚተላለፈው፣ ቢጫ የሆነ ዝንጅብል ካለበት ማሳ የመጣ ዘር ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትገዙ። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ደግሞ ለጎደሬ ነው (በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል፣ ለእንግዳ ከማቅረባችሁ በፊት ራሳችሁ ቅመሱት)። የኩሽና እጣቢ ወደ እሱ ቢሄድ ጥሩ ነው፣ በረኪና ያለበትን ግን ሌላ ቦታ ድፉት።

አትክልቱ ከኩሽናው በር አጠገብ ይሁን፣ ራቅ ካለ ለወጥ አንድ ቃሪያ ለመቅጠፍ ማንም አይሄድም። መደቡን 1 ሜትር ስፋት፣ ከመሬት 20 ሳንቲ ከፍ አድርጉት፣ ዙሪያውን ቦይ አውጡለት፣ ጅማ ዝናቧን ታውቋታላችሁ። ጎመን ክረምት ከበጋ ይሆናል። ቲማቲም ክረምት ላይ አትድከሙ፣ ዋግ ይጨርሰዋል፣ ዝናቡ ሲቀንስ ጥቅምት አካባቢ አዙሩት። ጤና አዳም ከደጃፉ፣ ለቡናው ማለት ነው።

አፈራችን ቀይና ኮምጣጣ ስለሆነ የምድጃ አመድ አትጣሉ፣ አትክልት መደቡ ላይ ስስ አድርጋችሁ በትኑት፣ ቡናው ሥር ግን አያስፈልግም፣ ቡና ትንሽ ኮምጣጣ አፈር ይወዳል። የቡና ገለባ ካገኛችሁ ከፍግና ከቅጠል ጋር ከምራችሁ ከ3 እስከ 4 ወር አበስብሱት፣ ትኩሱን ከጨመራችሁ ችግኙን ያቃጥለዋል።

ከከተማው ወጣ ያላችሁ ደግሞ አጥሩን ከታች አጥብቁ፣ ጃርት ጎደሬውን ከሥሩ ቆፍሮ ነው የሚበላው፣ እኔ ሁለት ሌሊት ውስጥ አንድ መደብ ሙሉ ነው ያጣሁት፣ አሁን ቆርቆሮ ቁራጭ ወደ መሬት ቀብሬ እስካሁን አልተመለሰም።